አምስተኛ ላይ የተጠራው ሰው

የእጮኛዬ አጎት «እሑድ መጥተን ዘር እንቆጥራለን» ብለው ሲደውሉ አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2021 ነው። ክፍል የማጸዳበት ካዚኖ በኮሮና ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ጥቂት ሺፍት ሰጥተውኝ ነበር። እዚህ ሰው አገር፣ ዊትኒ የሚባል ሰፈር፣ ከአባዬ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ዕድሜዬ እየሄደ ነው፤ ምን ልደብቅ፣ ይህ ጋብቻ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ደግሞ የድሮ ሰዎች ናቸው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ካልተረጋገጠ ልጃቸውን አይድሩም።

«አባዬ፣ እስከ ሰባት ትቆጥራለህ አይደል?» አልኩት።

«ምን ነካሽ? ሰው የገዛ ዘሩን አያውቅም?» ብሎ ተቆጣኝ።

እሑድ አጎትየው አንድ ሽማግሌ አስከትለው ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን መጡ። ማስካቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ። አጎትየው የራሳቸውን ወገን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይተነፍሱ እስከ ሰባት ጠሩና ወደ አባዬ ዞረው «እርስዎስ?» አሉ።

አባዬ የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ጠራ። ከዚያ ውሃ ጠጣ። ሲቀጥል ግን ፈጠን ብሎ ነው። አራተኛው ስም እንግዳ አልሆነብኝም፤ አምስተኛው ላይ ገባኝ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራው፤ እኔም ያደግሁት በፋብሪካው ሠራተኞች ሰፈር ነው። አራተኛው አያቴ ተብለው የተጠሩት ሴት ሠራተኞቹ ሲወጡ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሹት ዘበኛ ናቸው። አምስተኛው የሽመና ክፍሉ አለቃ። ስድስተኛው ማሽን ጠጋኙ ጎረቤታችን፤ ከልጆቻቸው ጋር ሱዚ ዘልያለሁ። ሰባተኛውን እንጃ፣ አልሰማሁትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌዎቹ ግን በየስሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና «የምንገናኝበት የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ አባዬ ወጥ ቤት ቆሞ የታጠበ ብርጭቆ መልሶ ያጥባል።

«የሥራ ጓደኞችህን እኮ ነው የቆጠርከው» አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ ሳያየኝ። «አባቴ ከሸማኔ አገር፣ ከደቡብ ተራራ በእግሩ ነው የመጣው። ያ የፋብሪካ ሰፈር ጨርቅ ሠርቶ እየበላ፣ ሸማኔ ብሎ ይሳደባል። ፋብሪካው ሲቀጠር የአባትህ ስም ማን ነው ቢሉት፣ ሰልፍ ላይ ከፊቱ የቆመውን ሰው ስም ሰጠ። የእውነቱን ለእኔም አልነገረኝም። ዛሬ ሰው ፊት ስጠየቅ ፋብሪካው ውስጥ አብረውኝ የነበሩት ናቸው አፌ ላይ የመጡት።»

ሸማኔ ሲል ዞር ብዬ በሩ መዘጋቱን አየሁ። አፈርኩ፤ በውሸቱ ይሁን በእውነቱ እስካሁን አልለየሁትም።

«በቃ፣ ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። እሺ አለኝ።

ሠርጉ ሲቃረብ እጮኛዬን እራት ጋበዝነው። መኪናውን ውጭ ፓርክ አድርጎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፣ እየሳቀ ገባ። ማዕድ ላይ እንደተቀመጥን ስሞቹን ከአጎቱ ሰምቶ በቃሉ እንደያዛቸው ነገረን። ከአባዬ እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድም ሳይስት ወጣቸው። በሰው አገር ልጅ የምናሳድግ ስለሆነ ሥሩን ማወቅ አለበት አለ።

«ወንድ ከወለድን በአምስተኛው አያትሽ ስም ነው የምንጠራው» አለኝ። «ግርማ ያለው ስም ነው።»

እኔ፣ አያድርስ ነው፣ ሳቅሁ። የአባዬ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«እሱስ አይሆንም» አለ።

«ምነው አባባ?»

«አባቴን በጥፊ የመታ ሰው ነው። ሠራተኛው ሁሉ እያየ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። የልጅ ልጄን በዚያ ሰው ስም ስጠራ አልኖርም።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ከተራራው ጀመረ፣ ሰልፉን፣ ፋብሪካውን፣ ያችን እሑድ አንድም ሳያስቀር ነገረው። «ዋሽቻችኋለሁ፤ ልጄ ቁማ እንዳትቀር ብዬ ነው» አለ። ሰባት ትውልድ የቆጠረ አንደበት «ዋሽቻችኋለሁ» ለማለት ተቸገረ።

እጮኛዬ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ተነሥቶ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ።

«እሷ ምን ታውቃለች» አለ አባዬ ቀደም ብሎ። «እሷንም ነው የዋሸኋት።»

እጮኛዬ አዘነልኝና እጄን ያዘኝ። እኔም እንደ ተዋሸ ሰው አቀርቅሬ እጄን ተውኩለት።