ሃያ ሦስት ክንድ ክር

ደምመላሽ ደክሞታል። የዛሬ ድካም አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው። በየማለዳው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይነሳና ፒያሳን በወርቅ ቤቶቹ በኩል ሰንጥቆ አምስት ኪሎ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል። ሱቅ የሚከፍቱት ጎረምሶች "ጋሽ ደምመላሽ፣ ዳገቱ ነው ዕድሜው?" ይሉታል። "ሁለቱም ተማክረው ነው" ብሎ ያልፋል። ድሮ ቢሆን ቆሞ ልካቸውን ይነግራቸው ነበር። አራዳ ተወልዶ ተረብ በአንዲት ቃል የሚያልፍ ሰው ካያችሁ፣ አንድ የሚበላው ነገር አለ።

ሥራው ፈረንሳይኛ በሚያስተምሩበት ቤት የድምፅ መቅረጫ መኪናውን መጠበቅ ነው። ድምፅ የሚያዝበትን ክር ያጠልቃል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ተማሪዎቹ ሰምተው ሲሄዱ መልሶ ይጠቀልላል። ከቋንቋው የሚያውቀው ሰላምታውንና "አባት"፣ "እናት" የመሳሰለውን ብቻ ነው። ከጥቅሎቹ መካከል አንዱን ግን፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። ሙሴ ጋስቶን የሚባሉ ሽበታም መምህር በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ስለ ልብ ወለድ ያስተማሩት ነው። ካርቶኑ ላይ "ኤግዚስታንሲያሊዝም" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስሙ ራሱ ያደክማል። የት ላይ እንደሚስሉ፣ የት ላይ ውሃ እንደሚጎነጩ ያውቃል። መጨረሻው ላይ ልጁ እንደምትናገርም ያውቃል።

የሺዓለም አንድ ልጁ ነበረች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደጋት። እዚያው ቤት እንድትማር ተፈቀደላትና ፈረንሳይኛውን እንደ ወፍ ለመደችው። ሙሴ ያስተማሩ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ነበረች። እሱ መኪናውን አስነስቶ፣ የራሱ ሳል እንዳይቀረጽ ብሎ ውጭ ቆመ። ምን እንደጠየቀች አልሰማም። ከአራት ወር በኋላ ተስቦ በዘጠኝ ቀን ወሰዳት።

አርባዋ እንደወጣ ተማሪዎቹ ያንን ጥቅል አሰማን አሉት። አጠለቀ፣ ተጫነ፣ ሙሴ አወሩ፣ ሳሉ። ከዚያ ልጁ ተናገረች። ደምመላሽ ያለበት ቦታ ቁጭ አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ ከጎኑ ያለች ነው የሚመስለው። ከምትለው ውስጥ የለየው ሦስት ነገር ነው። በፈረንሳይኛ "አባቴ" አለች፤ "እድር" እና "ድንኳን" ያለችው በአማርኛ ነው። ከዚያ ሙሴ አንድ ነገር ጣል አደረጉና የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ረጅም ሳቅ!

ደምመላሽ የሰፈሩ እድር ድንኳን ተካይ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ጡሩንባ ከተነፋ እሱ ሳይደርስ ካስማ ተመትቶ አያውቅም። ስለዚህ ሦስቱን ቃልና ሳቁን ደምሮ የራሱን ፍርድ ሰጠ፦ ልጄ በፈረንጅ ፊት "አባቴ የድንኳን ተሸካሚ ነው" ብላ አሳቀችብኝ። አፍራብኝ ኖራ ሞተች።

አይ ሰው! አንድ የሚያውቅ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ግን ፈራ። መልሱን ከሰማ ልጁን ዳግመኛ የሚቀብር መሰለው። ከዚያ ወዲህ ጡሩንባ ሲነፋ ጋቢውን ወደ ራሱ ይስባል። መጀመሪያ "ወገቤን አሞኛል" አለ፤ በኋላ ሰበቡንም ተወው። ልጁን አልቅሶ የቀበረለትን እድር! ውለታ ቢስ አሉት፤ እውነታቸውን ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ኪዳነማርያም ሁለት ጊዜ ደጁ መጥተው አንኳኩ። ሦስተኛ አልመጡም።

በስድሳ አንድ ዓ.ም. ለቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። አዲስ ክር ከውጭ መምጣቱ ስለቆመ፣ አሮጌው ሁሉ እስከ ዓርብ ይጥፋና የተማሪዎች ንባብ ይቀረጽበት ተባለ። አጥፊው ደምመላሽ ነው። አስሩን አጠፋ። ሐሙስ ዕለት የቀረችው ያቺ የሙሴ ጥቅል ብቻ ነበረች። የልጁ ፎቶግራፍ አለው፤ ፎቶግራፍ ግን አይናገርም። ሳቁን ይጠላዋል፤ ድምፅዋ ደግሞ ያለው ከሳቁ ጋር ነው። ነገ በገዛ እጁ ሊያጠፋት ነው፤ ያለችውንም ሳያውቅ።

ሸፊቃ በኮሪደሩ ስታልፍ ጠራት። የየሺዓለም የወንበር ጓደኛ ነበረች፤ አሁን እዚያው ታስተምራለች። "ልጄ፣ ይቺን ስሚና ምን እንዳለች ንገሪኝ። እንዳታባብይኝ ደግሞ።"

ሸፊቃ ቆማ ሰማች። የሺዓለም ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳቁ ጋ ሲደርስ ግን እሷም ሳቀች።

"አንቺም?" አለና ደምመላሽ ቆቡን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

"እንዴ አባባ! በማን የሳቅን መሰለዎት?"

"በእኔ ነዋ።"

"በስመአብ በሉ እንጂ!" አለችው እስላሟ ልጅ፤ አራዳ ናት። እጁን ይዛ አስቀመጠችው። "ሙሴ ያስተማሩት ስለ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ነው። ሰውየው ብቻውን ነው፤ ቢኖርም ቢሞትም ለማንም ምንም አይደለም። የሺ ተነሳችና 'ይህ ሰው እድር የለውም እንዴ?' አለች። የፈረንሳይኛ ቃል ስላጣችለት በአማርኛ አለችው። 'እድር ምንድነው?' ሲሏት፣ 'አባቴ ነዋ' አለች። 'ጡሩንባ ሲነፋ ይነሳል። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ ዝናብ እየመታው ድንኳን ይተክላል። አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አባቴን ቢያውቀው፣ ብቻዬን ነኝ ይል ነበር?' አለቻቸው።"

"ሳቁስ?"

"ሳቁማ በሙሴ ነው። 'እድሩ ውስጥ ለመመዝገብ የት ነው የሚኬደው?' አሉ። እስቲ ይህ አያስቅም?"

ደምመላሽ ቆቡን ጭኑ ላይ አኖረ። "ደከመኝ ብሎ አያውቅም ነው ያለችው?"

"እንደዚያ ነው ያለችው።"

"ውሸቷን ነው" አለ። "ስንት ቀን ደክሞኝ ነበር።" ከዚያ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በአርባዋ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

ሲበቃው ተነስቶ ምላጭ አመጣ። የልጁ ድምፅ የሚጀምርበትን ፈልጎ ቆረጠ፣ ከሳቁ በኋላም ቆረጠ። አቡጀዲ ሻጭ እንደሚለካው በክንዱ ሲለካው ሃያ ሦስት ክንድ ሆነ። በመሐረብ ጠቀለለው። የቀረውን አጣብቆ፣ እንደታዘዘው አጠፋው።

"ቤትዎ መኪና የለ፣ በምን ይሰሙታል?" አለችው ሸፊቃ።

"አሁንማ ምን እንዳለች አውቃለሁ።"

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጡሩንባ ተነፋ። የደምመላሽ እጅ ጋቢውን ሊስብ ሄደና ቆመ። "ኡፍፍ" አለ። ጉልበቱን እያሸ ተነሳ፣ ካፖርቱን ደረበ፣ መሐረቡን ደረት ኪሱ ከተተ። የእድሩ ዕቃ ቤት ሲደርስ ሰዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንድም ሰው ሰላም አላለውም። አቶ ኪዳነማርያም ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ጡሩንባው አምስት ዓመት ሲነፋ ነበር" አሉ። "ዛሬ ማን ቀሰቀሰህ?"

"የሺዓለም ቀሰቀሰችኝ" አለና ጎንበስ ብሎ የምሰሶውን አንድ ጫፍ ያዘ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ አነሱ።