የእህቴ ጤነኛ ጥርሶች

ጥርስ ሐኪሙ የነቀላቸውን ጥርሶች መስኮቱ ላይ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ያጠራቅማል። አንዳንዶቹ ላይ ደም ደርቋል፤ ዝንብ ያርፍባቸዋል። በጋዜጠኝነት ሥራዬ አስከሬን አይቼ ዘገባዬን ሳላቋርጥ ጽፌያለሁ። አዳማ መሃል ባለችው በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ፊቴን አዞርኩ። ከላይ ያሉት ሁለቱ የታላቅ እህቴ ነበሩ፦ ነጭ፣ ሥሮቻቸው ሙሉ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ የሌለባቸው።

እህቴ ከመቂ ሽንኩርት እያስመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሕመሙ ቀኝ ጉንጯ ላይ ነው የጀመራት። ፊቷን ስትታጠብ፣ ባጃጅ ውስጥ ነፋስ ሲመታት፣ ለመናገር አፏን ስትከፍት፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራትና ወዲያው ይለቃታል። ጎረቤቶቿ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹላት። ሽታው ከትራሷ አልለቅ አለ፤ ሕመሙም አልለቀቃት። ከዚያ ጥርስ ነው ተባለ። ደላሎች ሲደውሉላት መናገር እየፈራች ዝም ትላለች፤ እነሱ ዋጋ ለማስወረድ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ስልኩን እኔ አነሳሁት።

"እትዬ፣ ዛሬም በዝምታ ልትገዢን ነው?" አለ ደላላው።

ሁለት ጥርስ ተነቅሎም ሕመሙ ስላልተዋት የጭንቅላት ኤም አር አይ ተነሳች። ውጤቱ ችግር የለም ይላል። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሰውዬው ከሌላ ታካሚ አፍ የወጣ ጓንቱን ሳያወልቅ ወረቀቱን ተቀበላት። ወረቀቱ በምራቅ ራሰ።

"አዩ እናቴ፣ ጭንቅላትዎ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ጥፋተኛው ጥርስ ነው ማለት ነው። ይቺን የኋለኛዋን አንስተን እንገላገል።"

በቀኝ በኩል የምታኝክበት የቀራት እሷ ብቻ ነበረች።

"የነቀልካቸው ጤነኞች ናቸው" አልኩት።

"ላይ ላዩን ነዋ። አንተ ዜናህን ጻፍ፣ ጥርሱን ለእኔ ተወው።"

የነርቭ ሐኪም እስኪያያት እንድትታገሥ ለመንኳት። "አንተን አልነዘረህም" አለችና ወንበሩ ላይ ወጣች። ጥርሷ ሲላቀቅ የሰማሁትን ድምፅ መግለጽ አልፈልግም። ሰውዬው በመቆንጠጫው ይዞ አገላብጦ አየና፣ "ሥሯ ጠንካራ ነበረች" አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል።

ሕመሙ በማግስቱ ቁርስ ላይ ተመለሰ።

የነርቭ ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻት፣ ጉንጯን በጥጥ ጫፍ ነካካች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። ዕጢና የፈሰሰ ደም ለመፈለግ የተነሳ መሆኑን ነገረችን። በዚያ ምስል ጭንቅላቱ እንደ ዳቦ በወፍራም በወፍራሙ ተቆራርጦ ስለሚታይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ በመሃል ያመልጣል። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል በሚያደርሰው ነርቭ ላይ ብቻ ያተኮረ፣ በስሱ የተከፋፈለ ሌላ ምስል አዘዘች።

በአዲሱ ምስል ነርቩ ነጭ ፈሳሽ መሃል የተዘረጋ ግራጫ ገመድ ይመስላል። ከአንጎል ሥር በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የደም ሥር ታጥፎ ተጭኖታል።

"የደም ሥር ነርቫቸውን እየነካ ምንም የማያማቸው ሰዎች አሉ" አለች ሐኪሟ። "ስለዚህ ምስሉ ብቻውን አይፈርድም። የእርስዎ ነርቭ ግን ተጭኖ ቦታውን ለቋል፤ የሚያምዎትም በዚያው ጎን ነው።"

"ጥርሶቼስ?"

"ጥርሶችዎ ምንም አላደረጉም።"

እህቴ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

የታዘዘላት ክኒን ንዝረቱን አበረደው፤ ካልበቃ የደም ሥሩን ከነርቩ የሚያላቅቅ ቀዶ ጥገና አለ። እሷ ግን ምስሉን ይየው ብላ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ካልሄድን አለች። የአዲሱን ምስል ፊልም ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አንስቶ ዘቀዘቀው።

"ይሄ ላይ ጥርስ የታል?" አለ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረ። "ተሻለዎት አይደል እናቴ? አላልኩም? ያቺ የመጨረሻዋ ነበረች ስታስቸግርዎት የኖረችው።" ይህን ያለው ወረፋ የያዙት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው።

"ሕመሙ በክኒን ነው የቀነሰልኝ" አለችው። "የማኝክበት ግን የለኝም።"

"እሱማ ቀላል ነው፣ ሰው ሠራሽ እንተክላለን" አለና የወንበሩን ትራስ በክንዱ ጠረገላት። "ይቀመጡ።"