አፈሙዙ የነካው ግድግዳ

ልጄ ማርታ ኮሌጅ ፓርክ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ለክፍል ሥራዋ ትንሽ የፕላስቲክ ታንክ ሠርታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ሽንኩርት መክተፌን ትቼ ወንበር ቀየርኩ።

«ማሚ፣ የመጀመሪያዎቹ ታንኮች መድፍ እኮ ከመርከብ የመጣ ነው» አለችኝ። «በጣም ረጅም ስለነበር ጭቃ ውስጥ ይሰካል፣ ዛፍ ይመታል። በኋላ ዲዛይኑን ቼንጅ አድርገው አሳጠሩት።»

«ቤትም ይመታል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ነገርኳት።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ ግንቦት ላይ ነው። እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። እህቴ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም፤ መንገዱን በተጠጋው ግድግዳ ሥር ከሕፃኑ ጋር ተኝታለች። እናቴ ገንፎ ታገነፋለች። የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ ጆሮዬ ወደ ውጭ ያዳምጣል።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ጣሪያው ነው። የሚያፈገፍግ ታንክ መንገድ ስቶ በእኛ ደጅ ገባ። ከኋላው ተኩስ ሲሰማ መድፉን ሊያዞሩ ሞከሩ። መንገዱ ጠባብ፣ አፈሙዙ ረጅም፤ ከግድግዳችን ጋር ተጋጨ። ጭቃው ከነጭዱ እህቴ ላይ ረገፈ። ሕፃኑን በደረቷ ከለለችው።

«ግፋው! ይፍረስ!» የሚል ድምፅ ከታንኩ መጣ።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ወጣች። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

«እማማ፣ በማማሰያ ሊመቱን ነው?» አለ አንድ ወታደር ከታንኩ አናት ብቅ ብሎ። ፊቱ ጥላሸት ለብሷል። ልጅ ነው።

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አራስ ተኝታለች፣ ልጄ።»

ወታደሩ ግድግዳውን አየ። ተኩሱ ቀረበ። ወደ ኋላ መመለስ ወደ ተኩሱ መጠጋት ነበር።

«ወደ ኋላ! ቀስ በል!» አለው ሹፌሩን።

ታንኩ ወደ ኋላ እየሄደ በመንገዱ መግቢያ ወዳለው ሜዳ ወጣ። የባሰ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፤ አሁን እንዳሻው መዞር ይችላል። አፈሙዙም ዞረ። በደጃችን፣ በእናቴ ደረት፣ እኔ በማይበት ስንጥቅ ፊት ቀስ ብሎ አለፈ። «እመቤቴ» ከማለት በቀር ጸሎት ጠፋኝ። አልቆመም። ታንኩ ከመንደራችን በታች ወዳለው ድልድይ ሄደ።

እናቴ ገብታ፣ ገንፎው ላይ የወደቀውን ጭቃ ለቅማ ለእህቴ አቀረበችላት። «ብዪ» አለቻት።

«ቤቢውስ?» አለች ማርታ።

«ዮናስ ነዋ። እሁድ ይመጣል።»

አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው፣ በመጣ ቁጥር የሚያበሽቃት የአክስቷ ልጅ ነው። ማርታ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል። እጇ ቆመ። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር፤ መድፉን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እኔም ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የዚያን ወታደር ስም ስለማላውቅ፣ በጸሎቴ «ያን ልጅ» እያልኩ ነው የማነሳው። እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶት ከሆነ፣ እሁድ ዮናስ ከማዕዳችን ቁጭ ብሎ ሲበላ ቢያየው ደስ ባለኝ።