የእማዬ ኡኡታ በቤይሩት

እኔና እማዬ ቤይሩት የምትሠራ እህቴን ልንጠይቅ ከቢቸና ሄድን። እህቴ የአምቡላንሱን ቁጥር አስጠንታኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እህቴ ሥራ ላይ ሳለች ሁለታችን ሰፈሩን ስንዞር ደረጃ አዳልጦኝ ወደቅሁ፤ እግሬም ተሰበረ፣ ስልኬም ደቀቀ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አለች።

«እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጮኽም» አልኳት አፍሬ።

«ምነው፣ ሰው የለበትም?» ብላ ባሰባት። እኛ ዘንድ ኡኡታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም።

ይኼኔ ከየፎቁ «መጣን እናቴ!» የሚል አማርኛ ተሰማ። በየቤቱ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ እየሮጡ ወረዱ። አንዷ አምቡላንስ ጠራች፤ «የሞጣ ልጅ ነኝ» ያለችን ደግሞ እግሬን በሻሿ አሰረችልኝ። ሕመሙን ረስቼ ደረቴን ነፋሁ።

የአምቡላንሱ ሰው ደርሶ «አብራው የምትሄድ፣ ከእናንተ እህቱ የትኛዋ ናት?» ሲል ሁሉም እጃቸውን አወጡ።