ሰባቱ ባለነጥብ ተረኞች

የምግብ ጋሪው አንዱ ጎማ ዘይት አጥቶ ሲጥ ሲጥ ሲል ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ድምፁ ሲቀርብ አሥራ ዘጠኙ አረጋውያን በየአልጋቸው ቀና ቀና ይላሉ። ጋሪውን አራት አስታማሚዎች ይከተሉታል፤ ከሁሉም ኋላ መጦሪያውን በገዛ ቤቷ የመሠረተችው ሲስተር እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «ቀስ በሉ! ሾርባው ለሰው ነው እንጂ ለወለሉ አይደለም!» እያለች ትመጣለች።

እትዬ መዝገብ እዚያ ቤት የገባችው ወለል ልትወለውል ነበር። አንድ ቀን ስንት ሳሙና እንዳለቀ የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ሲስተር አየችና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህን የመሰለ እጅ ጽሑፍ ይዘሽ መወልወያ ትጨብጫለሽ? ነውር አይደለም?» ብላ የተረኞችን መዝገብ አስረከበቻት። እያደር ወላጆቿ ያወጡላት ስም ተረሳና ትልቁም ትንሹም «እትዬ መዝገብ» ይላት ጀመር።

ሲስተር አንድ ልማድ ነበራት። ሥራ ለቆ የሄደን ሰው ስም አታሰርዝም። «አጠገቡ ነጥብ አድርጊበት» ትላለች፤ «የሄደበት ካልቀናው ይመለሳል። ሲመለስ ስሙን ተሰርዞ አያግኘው፤ የሰው ሆድ ይብሳል።» ስለዚህ የሄደው ሰው ስም ከነተራው በየሳምንቱ ይገለበጣል፤ ምትኩ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይቀጠርና ከሥሩ ይጻፋል። እውነትም ሁለት ሦስቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተመልሰዋል።

ሲስተር ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ልጇ ቢሮዋ ውስጥ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያለው፣ «እትዬ፣ የእማዬን ልማድ እንዳትነኪብኝ። ነጥቡም ይቀጥል» ነበር። እትዬ መዝገብ አለቀሰች። ልጅ መውለድ እንዲህ ያለውን ነው አለች በሆዷ። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ነበረች፤ ከአልጋ አልጋ እየሮጠ ሲያስቸግር ጀርባዋ ላይ አዝላው መዝገብ የጻፈችበት ቀን ብዙ ነው።

ነጥቡ ቀጠለ፤ ምትክ መቅጠሩ ግን ቀረ። አንዷ አገባች፣ አንዱ ሌላ ከተማ ሄደ፣ አንዷ ሞተች። በመዝገቡ አሥራ ሁለት ስም፣ በቤቱ አምስት ሰው። በየስድስት ወሩ ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ቢሮ ገብቶ ወንበር ይስባል፤ ስሞቹን በብዕሩ ጫፍ ይቆጥርና «የሰው ኃይል፦ የተሟላ» ብሎ ይፈርማል። ነጥቡ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። እትዬ መዝገብም ሳትጠየቅ አልተናገረችም፤ የሲስተርን ልማድ ያፈረሰች መስሏት።

ያለፈው ሐሙስ በምሳ ሰዓት በመዝገቡ የተጻፉት ሦስት ተረኞች ሁሉም ባለነጥብ ነበሩ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው የነበረችው ልብስ አጣቢዋ ብቻ ናት። እሷም ክንዷ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ከልብስ ማጠቢያው ተጠርታ ነው። አንዱን ሽማግሌ ትን ብሎት ጀርባውን ስትመታ፣ አልጋ ሰባት የተኙት የድሮዋ ስልከኛ የጥሪ ደወል ሰሙ። አርባ ዓመት መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ናቸውና ደወል ሰምተው መተኛት አይሆንላቸውም። «መጣሁ፣ ማንን ላገናኝዎ?» እያሉ ተነሡ፤ ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

ሰኞ ጧት ተቆጣጣሪው አደጋውን ሊያጣራ መጣ። እትዬ መዝገብ መዝገቧን አቅፋ ቢሮ ስትገባ አጣቢዋ በሩ ሥር ቆማ እጇን በሽርጧ ታብሳለች። ጠረጴዛው ላይ በእሷ ስም የተጻፈ የስንብት ደብዳቤና ለፖሊስ የተዘጋጀ ማመልከቻ አለ።

«ይኸው፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት» አለ ልጁ መዝገቡን ወደ ተቆጣጣሪው ገልጦ፤ «ሦስት ተረኛ። ይቺን አጣቢ ደግሞ እንድትረዳ ጠራናት፤ የአልጋ ሰባቷን ጥላቸው ዞር አለች። ጥፋቱ የግሏ ነው። የፖሊሱም ማመልከቻ ይኸው።»

«እኔ?» አለች አጣቢዋ። «እትዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ! የቱ ሦስት? ጥላዬን ጨምረው ነው የቆጠሩት?»

«እትዬ ምን ትነግራለች? መዝገቡን የጻፈችው ራሷ ናት» አለና ዞር ብሎ ፈገግ አለላት። «አይደል እትዬ?»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ልማዱን ያስቀጠለው ለእናቱ ብሎ አልነበረም። ጣቷን መዝገቡ ላይ አኖረች።

«ነጥቡን ያዩታል?» አለች ተቆጣጣሪውን።

«የትኛውን ነጥብ?»

«አራት ዓመት ብዕርዎ የተራመደበትን! ነጥብ ያለበት የለም ማለት ነው። ይቺ አግብታ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ይሄኛው ሌላ ከተማ ነው ያለው። ይቺ ደግሞ ሞታለች፤ ቀብሯ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሐሙስ ተረኛ አድርጌ ጽፌአታለሁ!»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ይህ የሐሰት መዝገብ ነው። እርስዎን ያስጠይቃል።»

«ያስጠይቀኝ! እጁ የእኔ ነው፣ አልክድም። እርስዎስ? ስምንት ጊዜ ሲፈርሙ ከዚህ ወንበር ተነሥተው አንድ አልጋ አይተዋል? ኮሪደሩ እኮ ሠላሳ እርምጃ ነው!»

የሰውዬው ጆሮ ቀላ። ብዕሩን አነሣ፤ ቅጹን ገለጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ የመጦሪያው ባለቤት ማን ተብሎ ይጻፍ?» አለ።

«ፈቃዱ በእናቴ ስም ነው» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ። «እኔ እንኳ በሕግ ረዳት ነኝ።»

እትዬ መዝገብ ሳቀች፤ የሚያስፈራ ሳቅ። «አዩ? ተረኛዋም ሙት፣ ባለቤቷም ሙት! በሕይወት ያለችው አጣቢዋ ብቻ ናትና እሷ ትታሰር!»

«እትዬ፣ ተይ» አለ ልጁ ጥርሱን ነክሶ። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

«እኔም የጮኽሁት በበላሁበት ነው። ያበላችኝ እናትህ ናት። አንተማ ስሟን እንኳ ከመቃብር አስነሥተህ ዕዳ አሸከምካት!»

ከተቆጣጣሪው ጣቶች መካከል ብዕሩን ወሰደች። አልለመነችም፣ አላስፈቀደችም። ሰባቱን ስም አንድ በአንድ ሰረዘች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሰርዛ የማታውቅ እጅ ናትና ወረቀቱ ሁለት ቦታ ላይ ተቀደደ። ከዚያ ከሐሙስ ምሳ ሰዓት ትይዩ፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ፣ «አንድ ሰው። አጣቢ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። መዝገቡን ወደ ሰውዬው ገፋችው።

«አሁን እርስዎ ይፈርሙ።»

ተቆጣጣሪው አንዴ ልጁን፣ አንዴ የተቀደደውን ወረቀት አየ። የስንብቱን ደብዳቤ ብድግ አድርጎ ከክሱ ማመልከቻ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተና ከእሷ ፊርማ ሥር ፈረመ። «ለፖሊስ የምሰጠው ይህን መዝገብ ነው» አለ። «እርስዎም ይጠራሉ፣ እናቴ።»

«እመጣለሁ።»

አጣቢዋ በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። እትዬ መዝገብ ወደ ልጁ ዞረች፤ አንድ ነገር ይላል ብላ፣ ይሰድበኛል ብላ እንኳ ጠበቀች። እሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሣ፤ ከወለሉ የተቀመጠችውን አጣቢ ተሻገረና ማንንም ሳይሰናበት ወጥቶ ሄደ።