ለተመታ «እኔን» አይባልም

ጋሽ ኪዳነወልድ ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው፤ ፊቱን ቆየት ብለው ነው የሚያዩት። የአዳማ ሰው ዓይን አፋር ናቸው ይላቸዋል። እሳቸው ግን የወንጂን አገዳ ሲመዝኑ ውለው፣ ማታ ማታ ሃያ ሁለት ዓመት የአማተር ቦክስ የዳኙ ሰው ናቸው። በቦክስ ደግሞ፣ ተመትቶ ከውስጥ እግሩ በቀር ሌላ አካሉ ወለል የነካ ሁሉ ወድቋል፤ ጉልበቱም ይሁን የጓንቱ ጫፍ። የሰው ልጅ ቆሟል የሚያሰኘው ያቺ የስንዝር ቆዳ ብቻ መሆኗ ዛሬም ያስገርማቸዋል።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የመጀመሪያቸውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ ዳኙ። ፈተናቸውም ይኸው ነው፤ ካለፉ የዳኝነት ፈቃዱን ያገኛሉ፤ ካላለፉ ዕድሜያቸው ሌላ ፈተና አይጠብቅላቸውም። ፈታኙ አቶ መሳይ ከአዲስ አበባ መጥተው ከሪንጉ ሥር ተቀምጠዋል።

በሁለተኛው ዙር የመቂው ጉርሜሳ የዱከሙን ይትባረክን አገጩ ላይ አንድ አቀመሰው። ይትባረክ በጉልበቱ ዱብ አለ።

«እኔን!» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ፣ አዳራሹ በሙሉ እስኪሰማ። ከዚያ በራሳቸው አፍ ደንግጠው መቁጠር ጀመሩ። «አንድ! ሁለት!»

የይትባረክ አሠልጣኝ ሰይፈሚካኤል ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። «ጋሼ፣ እኔን ብለዋል እኮ! እኔን የሚባለው ለተደናቀፈ ነው! አዳልጦት ነው፣ አይቆጠርበትም!»

«ሦስት!»

ጉርሜሳም «እኔን» ሲባል ሰምቶ አስተዳደጉ አላስችል አለው። መቆም ካለበት ጥግ ወጥቶ ባላጋራውን ሊያነሳ መጣ። «ወንድሜ፣ ጎዳሁህ እንዴ?»

መቺው ጥጉን ከለቀቀ ቆጠራው ይቆማል። «ተመለስ ወደ ጥግህ! ሦስት ላይ ነን!»

ይትባረክ ራሱ ተነሳ። «ኧረ እርስዎን አይንካብኝ፣ ጋሼ። ምንም አልሆንኩም።»

«አራት!»

«ቆሜያለሁ እኮ!»

«ብትቆምም እስከ ስምንት ግድ ነው። አምስት! አይዞህ። ስድስት!»

ግጥሚያው ሲያልቅ አቶ መሳይ ጠሯቸው። «ምት መሆኑን በትክክል ፈርደዋል፤ ቆጠራውንም አልሳቱም። ግን ዳኛ እኔን ካለ ለወደቀው ያደላ ይመስላል።» ፈቃዱን ከአንድ ወረቀት ጋር አቀረቡላቸው። «በሥራ ላይ እኔን አልልም» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው።

«ታዲያ ሰው ሲወድቅ ምን ልበል?»

«አንድ ይበሉ።»

«በልቤ እኔን ብልስ?»

«አይሆንም። ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል።»

ጋሽ ኪዳነወልድ ብዕሩን አነሱ። በሐሳባቸው አንድ የሰው ልጅ እፊታቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ከላይ ቆመው «አንድ» አሉት። እንደ በግ የሚቆጥሩት መሰላቸው። ብዕሩን መለሱ።

«እንግዲያው ወድቀዋል» አሉ አቶ መሳይ እያዘኑ።

«ከወደቅሁማ ይቁጠሩብኛ!»

አቶ መሳይ ሳያስቡት «አንድ…» ብለው ጀመሩ። ስምንት ላይ ሲደርሱ ጋሽ ኪዳነወልድ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ የግቢውን በር አልፈው፣ ወደ ባጃጅ ተራው እየሄዱ ነበር።