ሸራ የሰቀሉ ሽማግሌዎች

እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ያለኝ ሰው ነኝ። ውኃ የማውቀው በጆግና በበርሜል ነው። የእህቴ ልጅ ግን ቡሬ ተቀምጦ ትራክተር ሲጠግን ሲጠግን፣ አገሩ ሙሉ ቆንጆ እያለ፣ የደቅ ደሴት ልጅ ወደደ። ጣና መሀል ማለት ነው። "ከደምበጫ ጠፍቶ ነው?" አልሁት። አንገቱን ደፋ። በእርግጥም ተይዟል። ልጅቱም ቁርጡን ነግራዋለች፤ አባቷ እሺ ካላሉ ጋብቻ የለም፤ አባቷ ደግሞ ሽማግሌ ደጃቸው መጥቶ ካልቆመ ነገሩን አይሰሙም።

"በስልክስ?" አልሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። መምሬ፣ የቤተሰቡ ንስሐ አባት፣ አተኩረው አዩኝና "ቁርባኑንም በስልክ ላቀብልህ?" አሉኝ።

ሦስት ሆነን ወጣን፤ መምሬ፣ የልጁ አጎት በአባቱ በኩል፣ የቡሬ ገበሬ ናቸው፣ እና እኔ። ዘጌ ላይ ሊያሻግረን የጠበቀን የልጅቱ ወንድም ነው። ጀልባው ድሮ በሞተር ነበር የሚሄድ። ቤንዚን ሲጠፋ ሞተሩን አወረደና መሀሉ ላይ እንጨት አቁሞ የጭነት መኪና ሸራ ሰቀለበት። ሸራው ብዙ ቦታ ተጥፏል።

ለምን እንደምንሄድ ወንድሟ ያውቃል። እንደሚያውቅም እናውቃለን። ግን የእህቱን ጠያቂዎች ራሱ አሻገረ እንዳይባል "ለምን ጉዳይ ነው?" ብሎ ጠየቀ። መምሬም ምንም ሳያፍሩ "ገዳማቱን ለመሳለም" አሉት። ቄስ ሲዋሽ እንዴት እንደሚያምርበት ያን ቀን አየሁ።

ሳንነሳ የነፋሱን ነገር አስረዳን። ጎሕ ሲቀድ ቀስ ያለ ነፋስ አለ፣ እሱ ይገፋናል። ፀሐይ ስትበረታ ይተኛል። ከቀትር በኋላ የሚነሳው ግን አደብ የለውም፤ እሱ ሳይደርስብን መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ደሴት ተጠግተን እናሳልፈዋለን። "ነፋሱ ሲተኛ ማንም እንዳይቸኩል፤ እየቀዘፍሁ አደርሳችኋለሁ" አለ።

ረፋዱ ላይ እንዳለው ነፋሱ ተኛ። ሸራው እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠለጠለ። አጎትየው ይህን ሲያዩ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያዘሩ ነፋስ ሲጠፋባቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ወደ ሰማይ አንጋጠው ያፏጩ ጀመር። "ኧረ አባቴ፣ ይተዉ። እዚህ ሲመጣ ጭድ አይደለም የሚወስደው" አላቸው ወንድሟ። "ዕድሜ ልኬን ጠርቼው እንቢ ብሎኝ አያውቅም" አሉ እየኮሩ። ነፋሱም አላሳፈራቸውም። ሰዓቱን እንኳ ሳይጠብቅ ከነግሳንግሱ መጣ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔን ምንም አላሳሳቀኝም። ጀልባው ባንድ ጎኑ ጋደል አለ። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ሐይቁን ባረኩት፤ ወዲያው ደግሞ የበሉትን ሁሉ ሰጡት። አጎትየው ፉጨቱን መልሰው ሊውጡት ይመስል ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። እኔ የእህቴን ልጅ ከነትራክተሩ እረግም ነበር። ወንድሟ ግን ሸራውን እስከ ግማሽ አውርዶ፣ በመቅዘፊያው እየታገለ፣ ያችን ደሴት አስጠጋን። ነፋሱ እስኪበርድለት እዚያ ዛፍ ሥር ተኮልኩለን ዋልን።

ደቅ ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የሽማግሌ ደንቡ ማለዳ ነበር፤ ለነፋስ ግን ማን ደንብ ያስተምረዋል። ደግሞም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አጎትየው መሬቱ አሁንም ስለሚወዛወዝባቸው ግቢው መሀል ዘጭ አሉ። እኔና መምሬ ተደጋግፈን ቆምን።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አሉ የልጅቱ አባት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳል የያዛቸው አዛውንት ናቸው። መምሬ "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ብለን ነው" አሉ። አዳመጡና "መልካም። ዘመድ ላማክር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አሉን።

ደንብ ነው፣ አውቃለሁ። ልጁን በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ የለም። ግን ደሜ ፈላ። "አባቴ፣ ቤትዎ ቡሬ ቢሆን መቶ ጊዜ እንመላለስ ነበር። ይህን ውኃ ግን ሁለተኛ አልሻገረውም። ወይ አሁኑኑ ይስጡን፣ ወይ እዚሁ ይቅበሩን" አልሁ። መምሬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ለይስሙላ ነው።

አዛውንቱ አልተቆጡም። "ቀብር ካነሣችሁ ልንገራችሁ" አሉ። "ትልቋን ልጄን ለየብስ ሰው ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹ አንዴ መጡ፤ ነፋስ ፈራን፣ አንመለስም ብለው ለምነው በዚያው ቀን እሺ አሰኙኝ። እናቷ ስትሞት ላክሁባቸው። ነፋስ ነው አሉ። በነጋታውም ነፋስ ነው አሉ። ልጄ የደረሰችው ከሠልስቱ በኋላ ነው፣ የእናቷ አፈር ደርቆ። እኔ ጥሎሽ አልፈልግም። ጀግናም አልፈልግም። እየፈራም ቢሆን የሚመጣ ሰው ነው የምፈልግ። ዛሬ ለሠርግ ሁለተኛ የማይመጣ ሰው፣ ነገ ልጄን ለቀብሬ አያመጣልኝም።"

አንጀቴን በሉት። ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ቀድመው የተናገሩት መሬት ላይ የተቀመጡት አጎትየው ናቸው፤ "እንመጣለን" አሉ። "እኔም አላፏጭም።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄድን። ዘጌ ላይ ነፋሱ አልመች ብሎን አንድ ቀን ውለን አደርን። ስንሄድ አስታወክሁ፤ ስንመለስም አስታወክሁ። አዛውንቱ ሸራችንን ከሩቅ አይተው ውኃው ዳር ወርደው ቆመው ነበር። ደጃቸው እስክንደርስ እንኳ አላቆዩንም፤ እግራችን ሳይደርቅ እሺ አሉን።

ልጆቹ ከተጋቡ ቆዩ። አዛውንቱም፣ ተመስገን፣ በሕይወት አሉ። ያ ሳል ግን አልለቀቃቸውም። ከደቅ ተደውሎ "ትንሽ አመም አድርጓቸዋል" በተባለ ቁጥር፣ ወፍጮውን አቁሜ ወደ ውጭ እወጣና፣ ከጣና ይህን ያህል ርቄ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሰማይ አያለሁ። አንድ ቀን መምሬ አጠገቤ ሳሉ "ጌታዬ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ጥራቸው" ብዬ ብጸልይ ተቆጡኝ፤ "ዕድሜ ይስጣቸው ነው የሚባል" አሉ። ዕድሜ ይስጣቸው። ነፋስ ቢኖርም እንሄዳለን።